ጉልበቱ የማን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ሰውን ደካማ አድርጎ ለፈጠረው፣ ከድካም በኋላ ጉልበት ለሰጠው፣ ከጉልበትም በኋላ ወደ ሽበትና ወደ ድካም ለሚመልሰው ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ጥያቄ ከእኔ የመነጨ አይደለም፤ አንድ ልጅ የጠየቀኝ ነው። እዚህ ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልጆችን ቁርኣን አስቀራለሁ። ከዐስር ሰላት በኋላ ቂርአቱ ሲያበቃ ልጆቹ ኪታባቸውን አስቀምጠው መንገዱ ላይ እሽቅድምድም ይይዛሉ። ከመካከላቸው አንዱ ከሁሉም ለየት ያለ ነው። ሲሮጥ እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም። በዕድሜ የሚበልጡትን ሳይቀር ከኋላ ተነሥቶ ጥሏቸው ይሄዳል። አንድ ቀን ይህንን አይቼ ደስ ስላለኝ ልጆቹን ሰበሰብኳቸውና፣ ብርቱ ሙእሚን ከደካማ ሙእሚን ይልቅ በአላህ ዘንድ የተሻለና የተወደደ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳስተማሩን ነገርኳቸው። ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው።

ልጆቹ ሲበታተኑ አንዱ ወደ ኋላ ቀረ። በሕፃንነቱ አንድ እግሩ ስለ ሰለለ በክራንች የሚሄድ ልጅ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኡስታዝ፣ እኔን አላህ የሚወደኝ ከእርሱ ያነሰ ነው ማለት ነው?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ወዲያው መልስ አልነበረኝም። የሐዲሱን ግማሽ ብቻ ነግሬያቸው ነበርና ጥፋቱ የኔ ነበር። «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ ሸኘሁት። ሌሊቱን ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሣኝ። ለአንዱ ሰው ዓለም የሚደነቅበት አካል ይሰጠዋል፤ ለሌላው ወደ መስጊድ የሚያደርሰው እግር እንኳ ይቸግረዋል። የተሰጠው ሰው በተሰጠው ነገር ሊመሰገን ይገባዋልን? ያልተሰጠውስ ምን ጎድሎበታል? ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ ያ ጉልበት የማን ነው?

ማንም ያልመረጠው ጸጋ

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ብርቱ ሰው ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣልን ሯጭ ነው። ከአርሲዋ በቆጂ፣ ከአንዲት ትንሽ የደጋ ከተማና ከአካባቢዋ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። ሦስቱም በ10 ሺህ ሜትር የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጡ ናቸው፤ ያውም እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ። ምሁራን ምክንያቱን ሲዘረዝሩ የአገሩን ከፍታ ያነሣሉ። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል አብዝቶ ያዘጋጃል። ቀጭን ባት፣ ቀላል ሰውነት፣ ከልጅነት ጀምሮ ዳገትና ቁልቁለት የለመደ እግር ሲጨመርበት የሚደንቅ ሯጭ ይወጣል ይላሉ።

እስቲ እናስተውል! ከእነዚህ ውስጥ ሯጩ ራሱ የሠራው የትኛውን ነው? የተወለደበትን ደጋ አልመረጠም። ሳንባውን በልክ አላሰፋም። ባቱ የተቀረጸው እርሱ ምንም በማያውቅበት በእናቱ ማኅፀን ነው። «ልምምዱስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ትክክል ነው፤ ልምምድ የሌለው ጸጋ ጦም ያደረ መሬት ነው። ነገር ግን በዚያው ዳገት፣ በዚያው ንጋት ተነሥተው፣ ያንኑ ያህል ላብ አፍስሰው ስማቸው ያልተጠራ ስንት ወጣቶች አሉ! ላቡ ከሁለቱም ፈሰሰ፤ ሰዓቱ የተሻሻለው ግን የአንዱ ነው። ስለዚህ ሰው የሚመሰገነው በልፋቱ ሲሆን፣ ልፋቱ የበቀለበት መሬት ግን የተሰጠው ነው። ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ሁለት ሰዎች ይሳሳታሉ፤ የተሰጠው ይኩራራል፣ ያልተሰጠውም በጌታው ላይ ቅር ይሰኛል።

ቁርኣን በሱረቱ ፉሲለት ስለ ዓድ ሕዝቦች ይነግረናል። በጉልበታቸው ተመክተው በምድር ላይ ኮሩ፤ በኃይል የሚስተካከላቸው የሌለ መሰላቸው። የፈጠራቸው ጌታ ከእነርሱ የበረታ መሆኑን ግን አላሰቡም። የዓድ ጥፋት ጉልበታቸው አልነበረም፤ ጉልበትን የሰጠው አላህ ነው። ጥፋታቸው «የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ መዝለላቸው ነበር።

ከሮም ጎዳና እስከ ተሽከርካሪ ወንበር

ይህንን ጥያቄ በአገራችን ታሪክ ከሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት የበለጠ አጉልቶ የሚያሳይ አላገኘሁም። በእምነት ከእኛ የተለየ ቢሆንም፣ ለሚያስተውል ሰው በታሪኩ ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ።

አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገሩ አዲሱን ዓመት ለመቀበል በዋዜማ ላይ ሳለች፣ በሮም ጎዳናዎች 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። እስከ መጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከጎኑ ያልተለየው የሞሮኮው ሯጭ ራዲ ቢን ዐብዱሰላም ነበር። አበበ ጥሎት የሄደው፣ ጣሊያኖች ከአክሱም ወስደው ያቆሙት ሐውልት ባለበት አካባቢ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ፣ በቶክዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ዳግመኛ አሸነፈ። የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሌላው ሯጭ ገና በመንገድ ላይ ሳለ እርሱ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹ ሁሉ ተደነቀ።

ከዚያስ? በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ እግሩን አሞት ሩጫውን አቋረጠ፤ ድሉም ለአገሩ ልጅ ለማሞ ወልዴ ሆነ። ከአምስት ወር ያህል በኋላ፣ በመጋቢት፣ የሚነዳው መኪና ተገልብጦ አከርካሪው ተጎዳ። እነዚያ ዓለምን ያስደነቁ እግሮች ከዚያ ወዲያ መራመድ አልቻሉም። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በስቶክ ማንደቪልም ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀው ጨዋታ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውድድር ተሳተፈ። ድሉንም አደጋውንም ከፈጣሪ እንደመጣ አድርጎ መቀበሉን መናገሩ ተዘግቧል። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ይህችን ዓለም ተሰናበተ።

ውድ አንባብያን! እነዚያ እግሮች በእርግጥ የአበበ ቢሆኑ ኖሮ፣ «ተነሡ» ባላቸው ጊዜ ይነሡ አልነበረምን? ሁለተኛም፣ እግሮቹ ሲወሰዱ አበበ አብሮ አልተወሰደም። በተረፈለት እጅ ቀስት አነሣ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ኃይል ሲያስተምሩ ኃይልን ከውርወራ ጋር ማያያዛቸውን የምናውቅ ሰዎች፣ ይህንን ስንሰማ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። እግር ሲሄድ የሚቀር ሌላ ጉልበት አለ ማለት ነው። ወደ እርሱ እንመለስበታለን፣ ኢንሻ አላህ።

የሰፈራችን ስም

የዚያን ሌሊት ይህንን ሳወጣና ሳወርድ የሰፈራችን ስም ትዝ አለኝ። በድሮው ሥርዓት መኳንንት ሲሄዱ ጠመንጃቸውን ተሸክሞ የሚከተል ሰው ነበር፤ ጠመንጃ ያዥ ይባል ነበር። መሣሪያው በእርሱ ትከሻ ላይ ነው፤ ያየው ሁሉ መንገድ ይለቅለታል። ጠመንጃው ግን የእርሱ አይደለም። ይወለውለዋል፣ ከዝናብ ይከልለዋል፤ ጌታው ካላዘዘው አይተኩስም፤ ጌታው «አምጣ» ባለው ጊዜም ያለ ክርክር ያስረክባል። ሽጦ ቢበላው ሌባ ነው። ዝጎ ቢገኝበት ቸልተኛ ነው። «የኔ ነው» ቢል ደግሞ ከዳተኛ ነው።

በእስልምና አማና የምንለው ይኸው ነው። አካል የአላህ ነው፤ እኛ ያዦች ነን። ለአንዱ ረዥም ጠመንጃ፣ ለሌላው አጭር ተሰጥቶት ይሆናል። በመጨረሻ የሚጠየቀው ግን ስለ ጠመንጃው ርዝመት አይደለም፤ ስለ አያያዙ ነው።

ስለዚህም ቁርኣን ጉልበትን ለብቻው ነጥሎ አያወድስም። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ለሁለቱ ሴቶች ከብቶቻቸውን ባጠጡላቸው ጊዜ፣ አንደኛዋ ለአባቷ ስትመሰክርላቸው ብርታታቸውን ከታማኝነታቸው ጋር አጣምራ ነው። ጧሉትም በንግሥና ሲመረጡ የተሰጣቸው የአካል ግዝፈት ብቻ አልነበረም፤ ዕውቀትም አብሮ ተሰጥቷቸዋል። ከሶሓቦች መካከል ሰለማ ኢብን አል-አክወዕ (ረ.ዐ.) በሩጫ የታወቁ ነበሩ። ወራሪዎች የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሎች በነዱ ጊዜ ፈረስ ሳይጠብቁ በእግራቸው ተከታትለው፣ ቀስት እያስወነጨፉ ግመሎቹን አስጥለዋል። ከዚያ ሲመለሱ አንድ በሩጫ የማይቀደም የመዲና ሰው ለውድድር ጋበዛቸው። ሰለማ መጀመሪያ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ፈቃድ ጠየቁ፤ ሲፈቀድላቸውም ሮጠው አሸነፉ። እንግዲህ ዲናችን ሩጫን አይንቅም። ነገር ግን የሰለማን ሥርዓት ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ ጉልበት ከመሮጡ በፊት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር።

አንድ አባት የጠየቁኝ

ይህ ነገር ለወሬ ያህል ቀላል ነው፤ ኑሮ ውስጥ ሲገባ ግን ይከብዳል። የዚያ የፈጣኑ ልጅ አባት አንድ ምሽት ከመግሪብ ሰላት በኋላ ጠብቀው አገኙኝ። «ኡስታዝ፣ ልጁ ለታዳጊዎች ቡድን ሊታይ ነው። ዕድሜው ግን በሁለት ዓመት አልፎበታል። እርስዎ ሁለት ዓመት ቀንሰው ቢመሰክሩልን ሰው ያምንዎታል» አሉኝ። ልጁ መድረሳ የገባበትን ዓመት እኔ ራሴ መዝግቤዋለሁ። የቤታቸውንም ችግር አውቃለሁ፤ ያ ልጅ ለእነርሱ ብቸኛ ተስፋቸው ነው። ልቤ አልራራም ብዬ አልዋሽም።

«ወንድሜ፣» አልኳቸው፤ «ይህንን እግር የሰጠው አላህ ነው። አላህ በሰጠው ነገር አላህ የከለከለውን የሐሰት ምስክርነት እንዴት እጨምርበታለሁ? ደግሞስ በሐሰት ዕድሜ ሲሮጥ የሚቀድመው ማንን ነው? የሌላ ድሃ ልጅ አይደለምን?» አባትየው ቅር ብሏቸው ሄዱ። ለረዥም ጊዜም ሰላምታችን እንደ ወትሮው አልነበረም። ልክ አድርጌያለሁ ብዬ አምናለሁ፤ ግን ደግሞ በእኔ ምክንያት የአንድ ቤት በር ተዘግቶ እንደሆነ እያሰብኩ እጨነቃለሁ። አማና ከባድ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ፈጣን ወይም ብርቱ ሆኖ ሲገኝ፣ ጉልበቱ የእናንተም አይደለም። ከድህነት መውጫ መሰላል አድርጋችሁ ብቻ አትዩት። ኃይል ይጨምራል የተባለ ክልክል መድኃኒት የሚወስድ ሯጭ የሚያታልለው ዳኛውን ብቻ አይደለም፤ እንዲጠብቀው የተሰጠውን መሣሪያ ራሱ እያበላሸው ነው። አካላችን በእኛ ላይ ሐቅ እንዳለው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል።

በዚህ ረገድ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ ፉትቦል የሚሉት፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትና ግዙፋን ሰዎች በጉልበት የሚላተሙበት ጨዋታ አለ። በዚህ ጨዋታ ከሚታወቁት ሙስሊሞች መካከል ሑሰይን ዐብዱላህና ወንድሙ ሐምዛ ይገኛሉ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ገና በጉልበታቸው ሳሉ የዓመቱን ውድድርና ገንዘቡን ትተው ሐጅ አደረጉ። ሑሰይን ተመልሶ ለካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ሲጫወት፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 2014 የተቃራኒውን ቡድን ኳስ ቀምቶ ሮጦ ነጥብ አስቆጠረና ሜዳው ላይ ሱጁድ ወረደ። ዳኞቹ ቡድኑን ቀጡበት፤ በማግስቱ ግን የውድድሩ አስተዳደር ቅጣቱ ስሕተት እንደነበረ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጭንቅላቱ በተደጋጋሚ ስለ ተጎዳ ገና በ30 ዓመቱ ጨዋታውን አቆመ። ወደ ሐጅ ሲጠራ ጉልበቱን ይዞ ሄደ፤ ሲያሸንፍ ግንባሩን መሬት አስነካ፤ አካሉ ሊበላሽ ሲል ደግሞ አካሉን ከዝናና ከገንዘብ አስቀደመ። ጥሩ ያዥ ማለት እንዲህ ነው።

ያልተቀደመችው ግመል

ከአያያዝ ሁሉ የሚከብደው ማስረከብ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዐድባእ የምትባል ግመል ነበረቻቸው፤ በሩጫ የሚቀድማት አልነበረም። አንድ ቀን አንድ የገጠር ሰው በወጣት ግመል መጥቶ ቀደማት። ሶሓቦች ነገሩ እጅግ ከበዳቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ግን በዱንያ ከፍ ከፍ ያለን ነገር ሁሉ አላህ ዝቅ ሳያደርገው እንደማይተወው ነገሯቸው። ቡኻሪ የዘገቡት ነው። የራሳቸው ግመል ስትቀደም አልተቆጡም፤ ትምህርት አደረጉት እንጂ።

ይህንን በእኛ ዘመን አይተነዋል። የኬንያው ዴቪድ ሩዲሻ በ800 ሜትር በተከታታይ 34 የፍጻሜ ውድድሮች የሚቀድመው ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ሚላን ላይ የአሰላው ልጅ መሐመድ አማን፣ ገና 17 ዓመቱ ሳለ፣ ቀደመው። መሐመድ በ2013 ሞስኮ ላይ በዚህ ርቀት ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አመጣ። ከዚያ በኋላ ደግሞ እርሱንም ሌሎች ቀደሙት። ይህ ለሩዲሻም ለመሐመድም ውርደት አይደለም፤ የዱንያ ሕግ ነው። የሚዋረደው ጠመንጃው የራሱ የመሰለው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱ ሲያስረክብ ራሱን ያስረከበ ይመስለዋልና።

ለልጁ የሰጠሁት መልስ

በማግስቱ ያንን ልጅ ከሌሎቹ ጋር አስቀምጬ፣ ትናንት ሐዲሱን ቆርጬ እንደነገርኳቸው ተናዘዝኩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በዚያው ንግግራቸው፣ በብርቱውም በደካማውም መልካም ነገር እንዳለ ተናግረዋል። ቀጥለውም የሚጠቅመንን አጥብቀን እንድንፈልግ፣ በአላህ እንድንታገዝ፣ እንዳንሰንፍ አዘዋል። እንግዲህ የተወደደው ብርታት ባት ላይ የሚለካ አይደለም፤ የሚጠቅመውን የሚፈልግ፣ በአላህ የሚታገዝ፣ እጁን አጣጥፎ የማይቀመጥ ልብ ነው። አላህ ወደ አካላችንና ወደ መልካችን ሳይሆን ወደ ልባችንና ወደ ሥራችን እንደሚመለከት በሌላ ሐዲስ ተነግሮናል። ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት፣ እግር ሲሄድ የሚቀረው ጉልበት ይህ ነው።

ከዚያም ስለ ዐብደላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ነገርኳቸው። እኚህ ታላቅ የቁርኣን ሊቅ ባታቸው እጅግ ቀጭን ነበር። አንድ ቀን መፋቂያ ሊቆርጡ ዛፍ ላይ ሲወጡ ነፋሱ ልብሳቸውን ገለጠውና ሰዎች በቅጥነታቸው ሳቁ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) እነዚያ እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነገሯቸው።

ልጁ ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ይሰማኝ ነበር። «ከተራራው?» አለ።

«ከተራራው» አልኩት።

ፈጣኑ ልጅ ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። ምንም አልተናገረም። ሲወጡ ግን አልሮጠም፤ ክራንቹን እስኪያስተካክል ጠብቆት እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ በእርሱ እርምጃ አብሮት ሄደ። እኔም በልቤ «አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ሁለቱም የተሰጣቸውን በአግባቡ ያዙ» አልኩ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! እኛስ ምን ይዘናል? አንዳችን ጉልበት፣ አንዳችን ዓይን፣ አንዳችን ድምፅ፣ አንዳችን ጤና ብቻ ይዘን ይሆናል። ብዙ ሰዎች የሚከስሩባቸው ሁለት ጸጋዎች ጤናና ትርፍ ጊዜ መሆናቸውን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀውናል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትሰበሰቡ ልጆቻችሁን አንድ በአንድ «አላህ ምን አስይዞሃል? ምን አስይዞሻል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ምንም አልያዝኩም የሚል ልጅ ካገኛችሁ፣ ያልነገርነው የሐዲስ ግማሽ አለ ማለት ነውና ፈጥናችሁ ንገሩት።

አላህ (ሱ.ወ.) ያስያዘንን በአማና ጠብቀን፣ በፈቃዱ አውለን፣ በጠራን ጊዜ በደስታ የምናስረክብ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።